ሙቀትን በጉንጩ የሚለካው ሰው

ዘመኑ መቼ እንደነበረ ቁርጡን አላስታውስም። ልጆቼን ብጠይቃቸው አንዷ ከኮሮናው በፊት ነው ትላለች፤ ወንድሟ ደግሞ የለም፣ ከዚያም ብዙ ይቀድማል ብሎ ይሟገታታል። እኔ የማውቀው ጥር እንደነበረ ነው። የጧቱ ነፋስ ከጣና በኩል እየተነሣ ጆሮ የሚቆነጥጥበት ጥር። ቀኑን አውቀዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንደነበረም አውቃለሁ። ዓመቱ ነው የጠፋኝ። ጠፋኝ እላለሁ እንጂ እኔው ሳልሆን አልቀርም የጣልሁት።

ይሄይስ መሞቱን የሰማሁት ግን ባለፈው ክረምት መውጫ ነው። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሲቀድ በደጃችን ሲያልፍ ስሙን ጠራ። ምድጃ ጠጋኙ ይሄይስ አረፈ፣ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው አለ። ጫማዬን ላደርግ ተቀምጬ ነበር። አንዱን አድርጌ ሌላውን በእጄ እንደያዝሁ ብዙ ቆየሁ። ባለቤቴ ምን ሆንህ አለችኝ። ምንም አልሆንሁም አልኋት። በይሄይስ ነገር እንዲህ ማለት ለምጃለሁ። ምንም አልሆንሁም፤ ምንም አላየሁም።

ምድጃ ጠጋኝ በማለቱ በጡሩምባ ነፊው አይፈረድም፤ የሰፈራችን የሹም አቦ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እኔ ሳውቀው ግን የአንድ ትልቅ አዳራሽ ሙቀት በእጁ ነበር።

ወደ መሸንቲ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የዶሮ እርባታ ድርጅት ነበረ። ስሙን አልጠራም፣ አሁን ባለቤቱም ተለውጧል። እዚያ በዘበኝነት ገብቼ ኋላ ጉዝጓዝ ጎዝጓዥ ሆንሁ። ጉዝጓዝ የምለው ጫጩቶቹ የሚተኙበትን ሰጋቱራ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ይመጣል። ላባ የለው፣ እናት የለው። እናቱ የምትሆነው ሙቀት ናት። አዳራሹን አዳራሽ ልበለው እንጂ ጣሪያ የለበሰ ሜዳ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ ሰው ሲጠራህ ድምፁ ቆርቆሮውን ሁሉ ዞሮ ነው የሚደርስህ። ይህን የሚያህል ቤት በከሰል አይሞቅም፣ በአምፖልም አይሞቅም። ሁለቱም ተሞክሮ ነበር፤ ሬሳውን በጆንያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በኋላ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች መጡና ከጣሪያው በሰንሰለት ተንጠለጠሉ። በአንዱ ጫፍ ጋዝ ይነድዳል፣ እሳቱ በቱቦው ውስጥ ይሄዳል፣ ብረቱ ይግላል። ከቱቦው በላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ታች ይመልሰዋል። ይሄይስ ይህን ሊተክል መጥቶ ነው በዚያው የቀረው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ሁልጊዜ ካኪ ካፖርት የሚለብስ ሰው ነበር። በዕድሜ እኩዮች ነን፣ ምናልባት እኔ በጥቂት እበልጠዋለሁ።

መጀመሪያ የተለኮሰ ቀን ሁላችንም ገብተን ቆምን። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የተማረ ወጣት ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ብቻ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አያምንም። ግድግዳው ላይ በራሱ ቁመት ልክ የሰቀለውን ቴርሞሜትር አየና ፊቱ ጠቆረ። ይህን ሁሉ ጋዝ አቃጥለን አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው አለ። ይሄይስ ጎንበስ አለ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም አወለቀ። ባዶ እግሩን ሰጋቱራውን እየረገጠ ዞረ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ተንበረከከ፣ ከዚያም በጎኑ ተጋደመና ጉንጩን መሬት ላይ አሳረፈ። እኛ ሳቅን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሩቅ የሚሰማ ነገር የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። ሲነሣ ሰጋቱራውን ከጢሙ እያራገፈ፣

«ቴርሞሜትሩ ከበረደው ካፖርት ይግዙለት። ጫጩቶቹ የሚተኙት እዚህ ነው» አለው።

ሠራተኛው ፊት ነው ይህን ያለው። ሥራ አስኪያጁ አብሮን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ቂሙ የጀመረው ያን ቀን ይመስለኛል።

ለእኔ ነገሩን ኋላ አስረዳኝ። ምሳችንን በልተን ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ ስንሞቅ ነው።

«አበጀ፣ በጥር ጧት ቅዳሴ ቆመህ ታውቃለህ?» አለኝ።

እንዴታ አልሁት።

«ስትወጣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተደግፈህ ፀሐይ ትሞቃለህ። ያን ጊዜ አየሩ ሞቆ ነው?»

አየሩማ ብርድ ነው አልሁ።

«ፊትህን ታዲያ ማን አሞቀው?»

ፀሐይዋ ናታ።

«ሰው መጥቶ ፊትህ ቢገተርስ?»

ይበርደኛል አልሁት።

«አለቀ። ይኸም ቱቦ እንዲሁ ነው። የሚያየውን ነው የሚያሞቀው። ያላየውን አያውቀውም።»

ይህን ያነሣሁት ያላወቅሁትን አጠፋሁ እንዳልል ነው። ተነግሮኛል። በምሳሌ፣ በረጋ መንፈስ፣ ለእኔ በሚገባኝ መንገድ ተነግሮኛል።

አባቱ ከጣና ደሴቶች በአንዱ የዜማ መምህር ነበሩ። እሱም ድጓ ላይ ደርሶ ነበር ይላሉ። ከማን ጋር እንደተጣላ አይናገርም፤ ብቻ ጥሎ ወጥቶ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። ጾም አንዱንም አይሽርም፣ ግን ከደጀ ሰላም አልፎ ሲገባ አይቼው አላውቅም። ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይመለሳል። እኛ ልናበሽቀው መሪጌታ እንለው ነበር። መሪጌታ ያለውን ሰው ያን ቀን ሙሉ አያናግረውም።

ዜማው ግን አለቀቀውም። የአንዱ ቱቦ መለኮሻ ተበላሽቶ መለዋወጫ ስለጠፋ በእጅ መለኮስ ነበረበት። ከመለኮሱ በፊት ማራገቢያው በቱቦው ውስጥ የቀረውን ጋዝ ጠርጎ እስኪያወጣ መጠበቅ ግድ ነው። ቸኩለህ ከለኮስህ ይፈነዳል። ይሄይስ ሰዓት አያይም። ማራገቢያውን ያስነሣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንዲት የግዕዝ ዜማ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይቸኩል፣ ሳያጓድል ያዜማል። ስትፈጸም ይለኩሳል። ያቺኑ አስተማረኝ። ድምፄ ለጆሮ የማይጥም ስለሆነ፣ አንተ ስታዜም ጋዙ ሳይወጣ ጫጩቶቹ ቀድመው ይወጣሉ እያለ ይስቅብኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከመካከሏ ዘልዬ ልለኩስ ስል እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እግዚአብሔር ይታገሥህ ይሆናል። ጋዝ አይታገሥህም» አለኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ።

ለሰው የሚመች አልነበረም። ምሳውን ብቻውን በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይበላል። ያላማረውን በአደባባይ ይናገራል። ሰው ታመመ ሲባል ግን ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ደርሶም ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ሲያወራ ይቆይና ጣሪያውን ጠግኖ ይሄዳል።

ከጉዝጓዝ አንሥቶ ሙቀት ጠባቂ ያደረገኝም እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይኸ ሰው ሁለተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሰም ሲለው፣ ጫጩቶቹም ሰርተፍኬት አይጠይቁም አለው። ከዚያ ወስዶ መካከላቸው አቆመኝ። ዘርግተው ከተኙ ተመችቷቸዋል አለኝ። ከተከመሩ በርዷቸዋል። ወደ ዳር ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ በዝቶባቸዋል። ሌላ ንባብ አያስፈልግህም አለኝ። ፊርማም ያስለመደኝ እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ደመወዝ ስቀበል በጣቴ ነበር። በሰጋቱራው ላይ በእንጨት እየጻፈልኝ፣ እኔ እየደገምሁ፣ አበጀ የሚለውን ስም የሰው ፊርማ አስመሰልነው።

አሁን ወደዚያ ጥር ልምጣ።

ከከተራው ሳምንት አስቀድሞ ይሄይስ ማንንም ሳያስፈቅድ ቴርሞሜትሩን ከግድግዳው ነቀለና በገመድ ወደ ታች፣ በጫጩት ቁመት ልክ ሰቀለው። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሲያየው ቁጥሩ ከለመደው በብዙ ይበልጣል። ማን ነካው፣ ጋዙስ ለምን አይቀነስም ብሎ ተቆጣ። ይሄይስ ጋዙን ብቀንስ ይሞታሉ፣ አልቀንስም አለው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው አንተ ነህ፣ በጽሑፍ ነው የምሰጥህ አለ። ሰጠውም። ይሄይስ ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

የከተራ ዕለት ግማሹ ሠራተኛ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። የሦስት ቀን ጫጩቶች ነበሩን። እንዳይበተኑ በየቱቦው ሥር በካርቶን ክብ ታጥረዋል። ይሄይስ ከጧት ጀምሮ እግሩ አላረፈም። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ልጄን ታቦት ላሳያት ብሎ ወጣ። ያኔ ቤቱ ግሽ አባይ ሰፈር ነበር። ስመለስ አንተ ትሄዳለህ፣ እስከዚያ ዓይንህን ከእነሱ እንዳታነሣ አለኝ። እሺ አልሁት።

ለጥምቀት የምለብሳት አንዲት ጋቢ ነበረችኝ። ባለቤቴ ያን ቀን ጧት አጥባት፣ ሳትደርቅ በፌስታል ይዣት መጥቼ ነበር። ውጭ እንዳላሰጣት የመሸንቲ መንገድ አቧራ ነው፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ይቦንናል። ቀና ስል ቱቦው አለ። በመጨረሻው ክብ ላይ ከቱቦው ዝቅ ብሎ ሽቦ ተወጥሮ ነበር። ጋቢዋን እዚያ ላይ አጋድሜ ዘረጋኋት። ለትንሽ ጊዜ ነው አልሁ በልቤ። እንፋሎቱ ሲነሣ አይቼ ደስ አለኝ። የሚያየውን ነው የሚያሞቀው የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ውል አላለኝም። ጋቢ ጥላ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ጋቢ ለእኛ ሙቀት ነው። ልጅ የምንሸፍንበት፣ በሽተኛ የምናለብስበት ነው።

ወዲያው ከበሮው ተሰማ። የቅርባችን ደብር ታቦት ወደ ወንዙ ሲወርድ በበራችን ፊት ነው የሚያልፈው። ተሳልሜ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ታቦቱ በራችን ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ካህናቱ ቢያዜሙ፣ ቢያሸበሽቡ፣ ፍንክች አላለም። ሕዝቡ ሁሉ ተንበረከከ። እኔም ተንበረከክሁ። ታቦት ፊቴ ቆሞ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ዶሮ ቤት መግባት አልሆንልህ አለኝ። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያልሁ ቆየሁ። ጫጩቶቹ ትዝ ብለውኝ ነበር። ስለ ጋቢዋም አሰብሁ፤ ይኼኔ ደርቃለች አልሁ።

ትከሻዬን ሰው ነካኝ። ይሄይስ ነው። መንገዱ በሕዝቡ ስለተዘጋ ከባጃጅ ወርዶ በእግሩ ነው የመጣው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣

«ውስጥ ማን አለ?» አለኝ።

አሁን ገና መውጣቴ ነው አልሁት።

የአዳራሹን በር ስንከፍት እኔ የተለየ ነገር አልሰማሁም። እሱ ግን ከደፉ ጀምሮ ሮጠ። ስደርስበት በመጨረሻው ክብ ውስጥ በጉልበቱ ነበር። ከጋቢዋ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሰጋቱራው ላይ አንዲት ጫጩት የለችም። ሁሉም ሙቀት ወዳለበት ሸሽተው በካርቶኑ ዳር እርስ በርስ ተደራርበዋል። ከላይ ያሉት ይጮኻሉ። ከሥር ያሉት ዝም ብለዋል። በእጃችን እየዘገንን በተንናቸው። ይሄይስ ከሥር የሚያወጣቸውን አንድ በአንድ በመዳፉ ያሻሻቸዋል፣ በአፉ እፍ ይልባቸዋል። የተነሡት ጥቂት ናቸው።

ከዚያ ቀና አለ። ጋቢዋን ያላያት መስሎኝ ነበር። ወደ ሽቦው ሄደ፣ አወረዳት፣ ጫፍና ጫፏን ገጥሞ በሥርዓት አጠፋትና ዘረጋልኝ።

«ደርቃለች። ውሰዳት» አለኝ።

ተቀበልሁት። ገና ትሞቅ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘኝ።

«እኔ አልናገርብህም። አንተው ትናገራለህ።»

ጋቢዋን በማግስቱ ለጥምቀት ለበስኋት። ይህንንም መናገር አለብኝ።

ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ እስኪቀመጥ አንድ ሳምንት አለፈ። በዚያ ሳምንት ይሄይስን ሥራ ስገባ በየጧቱ በሩ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። እንደምን አደርህ ይለኛል፣ ጥቂት ቆም ይላል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ምን እንደሚጠብቅ አውቅ ነበር። ዛሬ እናገራለሁ እያልሁ ከቤቴ እወጣለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ልጆቼ ፊቴ ላይ ይመጣሉ። ከዚያ ብወጣ የሚቀበለኝ ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ። እሱ የተማረ ነው፣ የትም ይሠራል እላለሁ። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲፈልግ ነገር አያጥረውም።

የተሰበሰብነው ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከቦታው ያለ ፈቃድ መነሣቱን፣ በጽሑፍ አስቀድሞ ማስጠንቀቁን አንድ በአንድ ተናገረ። በሐሰት የተናገረው ነገር አልነበረም። ይሄይስን የምትለው አለህ ወይ አሉት።

«አበጀ የሚለው አለው» አለ።

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሱ ፊቱን ወደ እኔ መልሶ፣ ዜማ ስጀምር እንደሚያየኝ አድርጎ አየኝ፤ በል፣ ቀስ ብለህ የሚል ዓይነት አስተያየት።

«እኔ ያየሁት ነገር የለም» አልሁ።

ይሄይስ አልተቆጣም። አፉ ዳር ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጥቶ ሄደ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀና ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመ። እኔም ፈረምሁ። ባስተማረኝ ፊርማ ነው የፈረምሁበት።

ከሥራ ተባርሮ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ በሩ ላይ ተገጣጠምን። ያን ያህል ዘመን አንተ ሲለኝ የኖረው ሰው ባርኔጣውን ከራሱ አነሣና፣

«ደህና ይዋሉ፣ አቶ አበጀ» አለኝ።

በሥራው የተተካሁት እኔ ነኝ። ቱቦውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ማራገቢያውን አስነሥቼ ያችን ዜማ እያዜምሁ ጡረታ እስክወጣ ለኮስሁ። ሥራ አስኪያጁ ተዛውሮ ሲሄድ ቴርሞሜትሩን ወደ ታች አወረድሁት፤ አዲሱ አለቃ ጎበዝ አለኝ።

ይሄይስ የሙቀት ሥራ ዳግመኛ አላገኘም። እንዲህ ያለው ሙያ ቤቱ ጥቂት ነው፣ ወሬውም ፈጣን ነው። በየሄደበት ያ ጫጩት የፈጀው ሰው ነህ አይደል እያሉ መለሱት። የግሽ አባዩን ቤት ለቆ እዚህ እኛ ሰፈር ሹም አቦ መጣ፤ መንገድ ዳር በቆርቆሮ አንዲት ጠባብ ሱቅ ሠርቶ የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያ መጠገን ያዘ። ለበዓል ዶሮ ገዝተው የሚመለሱ ሴቶች በሱቁ ፊት ሲደርሱ ዶሮዋን በነጠላቸው ይሸፍኗታል። ደብቂያት፣ ይሄይስ ካያት ሳትታረድ ትሞታለች ይባባላሉ፣ ይስቃሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ጨዋታ ነው። እሱ ከሥራው ቀና አይልም። እኔ ከሩቅ ሆኜ እሰማለሁ፤ አንዳንዴም ሰው እንዳይጠረጥረኝ አብሬ እስቃለሁ።

በሱቁ ፊት ሳልፍ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ነው የሚጨብጠኝ። እንደምን ዋሉ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው፣ ጤናዎ እንዴት ነው። ለጳጳስ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። ኋላ ኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውሁ፤ ቤቴ ለመግባት በሌላ በኩል እዞራለሁ።

አንድ ቀን ግን ወኔ አገኘሁ። የተበላሸ ምድጃ ምክንያት አድርጌ ሄድሁ። ደጋግሜ ተለማምጄ ነበር፤ ከቤቴ እስከ ሱቁ ቃሉን በከንፈሬ ስመላለስበት ሄጃለሁ። ምድጃውን ተቀብሎ ፈታታው። ያችን ዜማ በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር። ሽቦውን ቀየረ፣ ሰካው፣ እጁን ከላዩ አድርጎ አየው፣ ከዚያ ጉንጩን አስጠግቶ ለካው። ጨርሶ ሲያቀብለኝ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሌላ የተበላሸ ነገር አለዎት?» አለኝ።

ጠብቆ ነው የጠየቀኝ። ሁለታችንም ስለ ምድጃ እንዳልሆነ እናውቃለን።

የለም አልሁት። ምድጃዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታውም ቀረ። ግድ ሆኖብኝ በዚያ ሳልፍ ከመቀመጫው አይነሣም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ብቻ ያሳልፈኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከስድብ ሁሉ ያ ባሰኝ።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምሁ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። የዕድር ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ሟቹን ያነሣሉ። አንዱ፣ ሰውስ ሰው ነበር፣ ያች የጫጩቷ ነገር ባትኖር ኖሮ የት በደረሰ አሉ። ሌላው፣ ምን ይደረግ፣ ሰው ይዘነጋል አሉ። ውኃ ስታቀርብ የነበረች ልጅ ይህን ስትሰማ ብርጭቆውን ይዛ ባለችበት ቆመች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ማደሏን ቀጠለች። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ልቤ ከድቶኝ ተነሥቼ ወጣሁ።

አጥሩ በር ላይ ያች ልጅ ተከትላኝ መጣች። ለቅሶ የመጣውን ሁሉ እስከ በር ትሸኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ከአባቴ ጋር ይተዋወቁ ነበር? አለችኝ። አብረን ነው የሠራን አልኋት። የት? አለች። ዶሮ እርባታው አልሁ። ፊቷ ልውጥ አለ። ዝቅ ብላ፣

«ያን ቀን ታቦት ላሳያት ብሎ የወጣው እኔን ነው» አለችኝ። «እኔ ባላለቅስ ኖሮ አይወጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተራ ወጥቼ አላውቅም።»

የእኔ ነገር በይሄይስ ላይ ብቻ ያረፈ ይመስለኝ ነበር። ያችን የምታህል ልጅ ተሸክማው አድጋለች። አጥሩን ይዤ ነገርኋት። ጋቢዋን፣ ሽቦውን፣ የቆመውን ታቦት፣ ኮሚቴው ፊት ያልሁትን። የተለማመድሁት ቃል አንዱም አልመጣም፤ እንዳገኘሁት ነው ያወጣሁት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም።

«ይመለሱ» አለችኝ። «ለእኔ የነገሩኝን እዚያ ውስጥ ይንገሩ።»

አልችልም ልጄ አልኋት። እውነቴን ነው፤ አጥሩን ገና አልለቀቅሁም ነበር።

«እይዝዎታለሁ» አለች።

ያዘችኝ። ገባን። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ጫጩቶቹን የፈጀኋቸው እኔ ነኝ አልሁ። ሁሉንም ተናገርሁ። አንዱ ሽማግሌ አሁን ይኸ ለሟች ምን ይፈይዳል ብለው አጉተመተሙ፤ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ዶሮዋን በነጠላ የምትሸፍነው ጎረቤታችን እዚያው ነበረች። አፏን በእጇ ያዘች።

የይሄይስ ባለቤት ከጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔን አላየችኝም። ለሁሉም እንዲሰማ፣ ለማንም ሳይሆን፣

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሥራ ጥዬ ወጥቼ ነው ነበር የሚለኝ» አለች። «ስንት ዓመት ያንን ሳነሣበት ኖርሁ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ስወጣ ልጅቱን ይቅርታ ለመንኋት። እሱ የእኔ አይደለም፣ የአባቴ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው። የማገኘው ይቅርታ የለም፤ ሰጪው ሁለት ጊዜ እጁን ዘርግቶልኝ ሁለት ጊዜ ትቼው ሄድሁ። አሁን ዕድር ስሄድ አጠገቤ የሚቀመጠው ጥቂት ነው። ባለቤቴም ያችን ጋቢ ያጠብሁት እኔ ነኝ እያለች ራሷን ትወቅሳለች፤ ይህም በእኔ ላይ ይጻፋል።

ከአጥሩ በር እስከ ድንኳኑ ያለው መንገድ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ስንት ዓመት ልሄደው ያልቻልሁት መንገድ እሱ ነበር፤ ብቻዬን ብሆን ያን ቀንም አልሄደውም። ክንዴን ይዛ ያስገባችኝ፣ ተናግሬ እስክጨርስም ያልለቀቀችኝ፣ ማህሌት ናት። ማህሌት ይሄይስ።